ፎቶግራፉን አትጠግኑት

ለዚህ ሰሞን አንድ ግጥም እንደማቀርብላችሁ ተናግሬ ነበር። ግጥሙ አልሆነልኝም። እንዲያው ዝም ከምል ያልሆነበትን ምክንያት ብጽፍላችሁ ይሻላል ብዬ ይህችን መጣጥፍ ይዤ ቀርቤአለሁ። ነገሩ የአንድ ፎቶግራፍ ጉዳይ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ የአንድ ፎቶግራፍ ግማሽ።

የምሠራው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ ባንክ ቤት በገንዘብ ከፋይነት ነው። የጡረታ ሰሞን ሲደርስ በመስኮቴ ፊት ከሚሰለፉት አረጋውያን አንዱ የቀድሞው ባሕር ኃይል ባልደረባ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማቸው በካርዳችን ላይ ካለው ናሙና ጋር አልገጥም ይላል። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ አስፈርሜአቸው አራተኛውን ብጠይቅ፣ «ልጄ፣ ይህ እጅ እኮ በማዕበል ላይ ገመድ ሲቋጥር አልተንቀጠቀጠም፤ እዚህ ባንክ ቤት ገብቶ ነው የተንቀጠቀጠው» አሉኝ። ወዳጅነታችን ከዚያች ቀን ይጀምራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን እናወጋለን።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው። ባሕርን መጀመሪያ ያዩት አባታቸው በባቡር ጅቡቲ ይዘዋቸው ወርደው ነው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ሲደርስላት የተወለደች ከተማ ናትና፣ የድሬ ልጅ ባሕርን ከደገኛው ቀድሞ ማየቱ ብዙም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ባሕረኛ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ፎቶግራፉ የመዳፍ ያህል ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ ቴምብር የተከረከመ። አንድ ወጣት ነጭ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ቆቡን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ምጽዋ ወደብ ላይ ቆሟል። ከኋላው የጦር መርከብ አለች። ግን ሙሉ አይደለችም፤ ጭስ ማውጫዋና የኋላ ግማሿ ይታያሉ፤ የፊቷ ግማሽ፣ መድፏና በጎኗ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሉም። የፎቶው ግራ ጠርዝ እንደ ሌሎቹ ሦስቱ የተከረከመ አይደለም፤ ቀጥ ያለ የመቀስ ቁርጥ ነው። ወደ ቁርጡ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ በወጣቱ ትከሻ ላይ ያረፉ አራት ጣቶች ታገኛላችሁ። ክንዱና ባለቤቱ ከመቀሱ ማዶ ቀርተዋል።

ከታች በኩል ቡናማ የውኃ መስመር አለበት። እሱ የቀይ ባሕር ሥራ አይደለም፤ የደቻቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚኖረው ወንዛችን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደብን ጊዜ፣ የጋሼም ቤት ውኃ ገብቶበት ነበር። «ስንት ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ ሊያሰምጠኝ የነበረው ሰፈሬ ያለ ወንዝ ነው» ይላሉ፤ እየሳቁ አይደለም የሚሉት።

መርከቧ «ኢትዮጵያ» ነበረች ስሟ። ትውልዷ ግን አሜሪካ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በ1944 እ.ኤ.አ. «ኦርካ» ተብላ ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው። መድፍ ነበራት፤ ዋና ሥራዋ ግን ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማስተናገድ ነበር። ነዳጅ ትቀዳላቸዋለች፣ ሲጎዱ ትጠግናቸዋለች፣ አብራሪዎቻቸውን ታበላለች፣ ታሳድራለች። እንዲህ ያለችዋን መርከብ እኔ የጦር መርከብ ከማለት ይልቅ የአውሮፕላን ሞግዚት ብላት እመርጣለሁ። ፊሊፒንስ ድረስ ዘልቃ ይህንኑ ሠርታ፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። በ1955 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በኖርዌይ መኮንኖች አሠልጣኝነት እግሩን የተከለው ባሕር ኃይላችን ከእሷ የምትበልጥ መርከብ አልነበረውም፤ ዕጩ መኮንኖችም የሚሠለጥኑት በእሷ ላይ ነበር። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምጽዋ ይወርዳሉ፣ የውጭ መርከቦችም ለበዓሉ ይመጣሉ። ጋሼ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ የሚያነሡት ንጉሡን አይደለም፤ በዋዜማው መዳብና ነሐስ ሲወለውሉ ማደራቸውን ነው።

ፍጻሜዋን ባጭሩ ልናገርና ልለፈው። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅ እሷ ቀረች፤ በየካቲት 1990 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ስትያዝም ተረፈች፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ግን ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የቀሩት እኅቶቿ ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ላልተከፈለ የወደብ ዕዳ በሐራጅ ወጡ። በሙያዬ ብዙ ሐራጅ አይቻለሁ፤ ቤትም፣ መኪናም፣ አንድ ጊዜ የወፍጮ ሞተርም። ባሕር ኃይል በሐራጅ ሲሸጥ ግን ምን ዓይነት ማስታወቂያ ለጥፈው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወደ ግጥሜ ልምጣ። ከፎቶው ጀርባ «ምጽዋ፣ ጥር 63» የሚል አለ። ግጥሙን የጀመርኩት ይህንን ዘመን «በሁለት ጦርነት መካከል ያለች ጸጥታ» ብዬ ነበር። መርከቧ ከአንድ ታላቅ ጦርነት ወጥታ የመጣች ናት፤ ሌላው ደግሞ ገና አልደረሰም። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ የጋሼ እናት እዚሁ ነበሩ፤ ከአራት ወራት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1970፣ ሻዕቢያ ምጽዋን ሲያጠቃ ደግሞ ልጃቸው እዚያ ነበሩ። እናትና ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ በየፊናቸው የመድፍ ድምፅ ሰሙ። ጥር 63 ታዲያ ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረች ነጭ ቀን መስላኝ ነበር።

ጋሼ ስንኙን ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የምን ጸጥታ? ያኔም እኮ ወደ አስመራ የሚወጣውን መንገድ በእጀባ ነበር የምንሄደው» አሉኝ። ሄጄ ዘመኑን አገላበጥኩ። እውነትም በኤርትራ የትጥቅ ትግሉ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበር፤ ፎቶው ከመነሣቱ አንድ ወር በፊት፣ በታኅሣሥ 1963 ዓ.ም.፣ በአብዛኛው የኤርትራ ክፍል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ነጩ ልብስ አታለለኝ። ከፎቶ ውስጥ ተኩስ አይሰማምና ጸጥታ አለ ብዬ ጻፍኩ። ግጥሙ የሞተው እዚያ ላይ ነው።

መቀሱስ? የመቀሱን ታሪክ የነገሩኝ ከተዋወቅን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ባለ አራት ጣቱ ሰው የምጽዋ ልጅ ነበር፤ በአንድ ክፍል የሚያድሩ፣ በአንድ ሳህን የሚበሉ ጓደኛሞች። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳና ትውልዳቸው ከዚያ የሆነ ሰዎች በአሥር ሺዎች ከአገር ሲወጡ፣ ጋሼ ፈሩ። ቤታቸው መጥቶ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ማንም ምንም አላላቸውም። እንዲሁ አንድ ማታ ሳጥናቸውን ከፍተው፣ የልጃቸውን የትምህርት ቤት መቀስ አንሥተው ቆረጡት። ግማሹንም ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። «መርከቧ አብራ መቆረጧን ያየሁት ጠዋት ነው» አሉኝ።

በውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው በዚህ ዓመት ፎቶውን አስጠግነህ፣ አስጎልተህ፣ በመስተዋት አስገብተህ ስጥልኝ ብላ አደራ ላከችብኝ። የመቀሱን ነገር አታውቅም፤ ያረጀና የተቀደደ ነው የሚመስላት። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት፤ ቀብድም ከፈልኩ። ልጁ ጎበዝ ነው። ስልኩን አወጣና የመርከቧን ሙሉ ምስል ከየድረ ገጹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሳየኝ። «የፊቷን ግማሽ ከዚህ እቀጥልልሃለሁ። ቀለምም አስገባለታለሁ። እነዚህን ጣቶች ደግሞ አጠፋቸዋለሁ፣ አይታወቅም» አለ።

ጣቶቹን አጠፋቸዋለሁ ሲል ነው የነቃሁት።

እንግዲህ አስተያየቴ ይኸውላችሁ፦ እንዲህ ያለ ፎቶ መጠገን የለበትም። በዚህ ዘመን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተቀቡ በየገጹ የሚዞሩትን የድሮ ፎቶዎች አይታችሁ ይሆናል። ያላረጀ ቆዳ፣ የማያንጸባርቅበት ቦታ የሚያንጸባርቅ ዓይን፣ የየትም አገር ያልሆነ የቆብ ጽሑፍ። ሰዎቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ይህ ግን የቅርጽ ጉድለት ነው፤ ነገ ቴክኖሎጂው ይሻሻልና ይስተካከል ይሆናል። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። መርከቧ ብዙ ፎቶ አላት፤ ስለዚህ ልትመለስ ትችላለች። ቁጥሯ፣ መድፏ፣ ርዝመቷ ሁሉ ተመዝግቧል። የምጽዋው ልጅ ፊት ግን የትም የለም። ጥገናው ብረቱን መልሶ ሰውየውን ለሁለተኛ ጊዜ ይቆርጠዋል፤ በዚህኛው ጊዜ ጣቶቹ እንኳ ሳይቀሩለት።

በእኛ ሙያ አንድ ደንብ አለ። መዝገብ ላይ ስሕተት ከተገኘ አይፋቅም። የተሳሳተው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርምበታል። የፋቀ ሰው፣ ልክ የሆነውን ቁጥር ቢያስገባ እንኳ፣ ይጠየቅበታል። ሌላም አለ። የተቀደደ ብር ለጥፎ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። እኛ መጀመሪያ የምናየው የሁለቱ ግማሾች ተራ ቁጥር አንድ መሆኑን ነው። የአንዱ ብር ግማሽ ከሌላው ብር ግማሽ ጋር ተለጥፎ ከመጣ፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢለጠፍ፣ ገንዘብ አይደለም። የፎቶ ቤቱ ልጅ ሊሰጠኝ ያሰበው እንዲህ ያለውን ብር ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «የቤተሰብ ፎቶ ነው፣ ልጅቷ ለግድግዳዋ ነው የፈለገችው፣ አንተ ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አያገባኝም። ልጅ የአባቷን ወጣትነት ሙሉ አድርጋ ማየት ብትፈልግ ነውር የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዓይነቱ ጥገና ከቤት ወጥቶ የአደባባይ ልማዳችን መሆኑ ነው። ባሕር ኃይሉ እንደገና እንዲቋቋም ከተወሰነ ወዲህ፣ ይልቁንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር ጉዳይ የየሻይ ቤቱ ወሬ ከሆነ ወዲህ፣ የእነዚህ አረጋውያን ፎቶዎች ከየሳጥኑ እየወጡ በመፈክር ታጅበው ይለጠፋሉ። መርከቧ ደምቃ ትታያለች፤ ሰዎቹ ስም የላቸውም። ከሰዎቹ መካከል ዛሬ የሌላ አገር ዜጎች የሆኑ ስንት እንዳሉ የሚጠይቅ የለም። ስለ ወደብ የማንም አሳብ ምንም ይሁን፣ በዚያ ላይ እዚህ አልከራከርም። ግን የአንድን ሰው የጓደኝነት ማስታወሻ አንሥቶ የይገባኛል ሰነድ ማድረግ በእኔ ሚዛን ከመቀሱ ብዙም አይሻልም። ጋሼ የቆረጡት ፈርተው ነው።

እኛ ጸሐፍትስ? በአማርኛ ባሕር በየቦታው አለ። ባሕር ዛፍ እንላለን፣ ባሕር ማዶ እንላለን፣ ባሕረ ሐሳብ እንላለን፤ በጥንቱ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ዋናው መዝገብ ራሱ ባሕር መዝገብ ነበር። ባሕሩ ሁሉ ግን ከዳር ሆኖ የታየ ባሕር ነው፤ ወይ ባሻገሩ ያለ አገር፣ ወይ በር። በላዩ ላይ ያደረ፣ ያቅለሸለሸው፣ ጨው የበላው ከንፈር ያለው ሰው በግጥማችን ውስጥ ብትፈልጉ እምብዛም አታገኙም። ከሠላሳ ዓመታት በላይ ምጽዋ ላይ የኖረ አንድ ሙሉ ባሕር ኃይል ነበረን፤ ስለ መርከብ ወለል ኑሮ የተጻፉ ልብ ወለዶችን ቁጠር ብባል ጣቶቼ ይተርፉኛል። ጋሼ በአንድ ቅዳሜ የሚነግሩኝ እኔ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል። በሐምሌ ወር በመርከቧ ሆድ ውስጥ የሞተር ሠራተኛው ላቡን ከጫማው እየደፋ እንዴት እንደሚሠራ፣ ደገኛው ምልምል የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት ዳዊቱን ይዞ እንደሚያድር፣ የምጽዋ ልጆች እንዴት እንደሚስቁበት።

ስለ ፎቶው ጀርባ ገና አልነገርኳችሁም። ጓደኛው በቀለም የጻፈለት መታሰቢያ ነው። መቀሱ ከፊት ግራውን ሲቆርጥ ከጀርባ ቀኙን ወስዶታልና፣ የየመስመሩ መጀመሪያ ብቻ ነው የቀረው፦

«ለማይረሳኝ ወን
ይህን ፎቶ ባየህ ቍ
መርከቢቱ ብትሄድም እ
ምጽዋ፣ ጥር 63»

ፊርማው የለም። ሦስተኛው መስመር እንቅልፍ ነሣኝ። «እኔ» ነው? «እኛ» ነው? «እንገናኛለን» ነው ወይስ «እንዳትረሳኝ»? ግጥሜ ከሞተ በኋላ ሌላ ጀመርኩ፤ በየመስመሩ ላይ የጎደለውን እየሞላሁ። ቤት እየመታ ሄደልኝ፣ አማረልኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ የፎቶ ቤቱን ልጅ ድምፅ ሰማሁ፦ «አይታወቅም»። እሱ የመርከብ ፊት ሊቀጥል ነው፣ እኔ የሰው ቃል። ከእሱ በምን ተሻልኩ? ወረቀቱን ቀደድኩት። ለዚህ ነው ግጥም ያላቀረብኩላችሁ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። በክርክሬ ኮርቼ ነበር፤ የመዝገቡን ደንብ፣ የተለጠፈውን ብር፣ ሁሉንም አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «አንተ ገጣሚ ስለሆንክ ቁራጩ ያምርሃል» አሉኝ። «እኔን አያምረኝም። ያን ማታ ነው የሚያሳየኝ። መርከቧን ምን አደርጋታለሁ? መልሱ ካላችሁኝ ሰውየውን መልሱልኝ።»

መልስ አልነበረኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሳቸው ቀጠሉ። ፎቶ አንሺው ያን ዕለት ሁለት ቅጂ ነበር ያወጣው፤ አንዱ ለአንዱ በጀርባው ጻፉና ተለዋወጡ። እሳቸው የጻፉበት ቅጂ፣ መርከቧም ሁለቱም ሰዎች ሙሉ ሆነው ያሉበት፣ ከዚያኛው ሰው ዘንድ ነው፤ ካልጠፋ፣ ካልተቃጠለ፣ እሱም መቀስ ካላነሣ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባና አስመራ በአውሮፕላን ሲገናኙ፣ ጋሼ የጓደኛቸውን ሙሉ ስምና የድሮ ሰፈሩን በወረቀት ጽፈው፣ ለሚሄድ ሰው ሊሰጡ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ዞሩ። ከድሬ የሚሄድ የሚያውቁት ሰው አላጋጠማቸውም። ሌላ ጊዜ እያሉ ሲቆዩ በረራው በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋረጠ። ወረቀቷ አሁንም አለች፤ በእጥፋቷ ላይ ልትበጠስ ደርሳለች።

«ምን ብለው ነበር እርስዎ የጻፉለት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱ ጋ ነው ያለው» አሉኝ።

በማግሥቱ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ቀብዱን አልመልስም አለኝ፤ ተስማማን፤ በዚያው ሒሳብ የፎቶውን ሁለቱንም ገጽ ከነውኃ መስመሩ፣ ከነቁርጡ፣ ከነጣቶቹ እንዳለ አጉልቶ አወጣልኝ። ለልጃቸው የፊቱን ላክሁላት፤ የመቀሱን ነገር መንገር የአባቷ ድርሻ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጋሼ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ፣ በመስተዋት አስገብተው ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት የጀርባውን ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሆነ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም መጀመሪያ የጓደኛቸውን ስም ይናገራሉ።